ባለ ሙሉ ድርሻ

እህቴ ብሩክታዊት የሞተችው ስድስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ነው። ደረጃው እርጥብ ነበር። የእኛ ደረጃ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ውሃ የሚገኘው ከታች፣ ከቦኖው ብቻ ስለሆነ ከንጋት ጀምሮ ጀሪካን ተሸክሞ የሚወጣ ሰው አይጠፋም፤ ጀሪካን ደግሞ ያንጠባጥባል። አሳንሰሩ የቆመው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ አሁን እርግቦች ይኖራሉ።

በዚያ ጠዋት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አውቶቡስ ማጠቢያ ነው የምሠራው። ስለዚህ አወዳደቋን በተመለከተ የምጽፈው ጋሽ ያፌት የነገሩኝን ነው። የቀረውን በዓይኔ አይቻለሁ።

በእኛ ብሎክ ካሳ የሚከፈለው በፎቅ ነው። የተጎዳ ይወርዳል፤ የጎዳ ይወጣል። ሲጀመር ደግ ሐሳብ ነበር ይባላል፤ እግሩ የተሰበረ ሰው ምድር ቤት ቢኖር ማን ይጠላል? ለዚያ ሰው ቤት ለመልቀቅ ደግሞ አንድ ሰው መውጣት አለበት፤ እግሩን የሰበረው ሰው ቢወጣ ፍትሕ ነው። በየመታጠፊያው ጣሪያ ጥግ ዳኛው የምንለው ማሽን አለ። ያያል፣ ይሰማል፣ ሁሉንም ሰው አንቱ ይላል። ድሮ ሽማግሌዎች ሰንበት ጠብቀው ይጨርሱት የነበረውን የውሃ፣ የጭስ፣ የጩኸት፣ የልጆች ድብድብ ጉዳይ እሱ በቆምክበት ይጨርሰዋል። መብራት ሲጠፋ አያይም፤ ሲመለስ ግን ይጠይቃል። ጉዳት ካለ ጥፋት አለ፤ ጥፋት ካለ ባለቤት አለው። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ተደምሮ ሙሉ እስኪሆን ድረስ መዝገቡ አይዘጋም።

ስለዚህ ደረጃችን የራሱ ሥርዓት አለው። አንዱ ሲወርድ ሌላው መታጠፊያው ላይ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል፤ ሁለቱም መዳፋቸውን ያሳያሉ። የሰው ጀሪካን አይነካም። የወደቀ ሰው ደግሞ በፍጹም አይነካም፤ ቀድሞ የነካ ሰው ከዚያ በኋላ ለሚሆነው ሁሉ ይጠየቃል። መንካት ብቻም አይደለም፤ “አይዞሽ” ያለ ሰው ልረዳሽ ነው ብሎ ኃላፊነት እንደወሰደ ይቆጠርበታል፤ “እኔን” ማለትም፣ “ተረፍሽ?” ማለትም እንደዚያው። እናቶች ልጆቻቸውን ሰው ሲወድቅ ካዩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አፋቸውን እንዲዘጉ ያስተምሯቸዋል። ግቢ ውስጥ ኳስ ከሚጫወቱት አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ባሉበት ቀጥ ይላሉ። እንግዳ ሰው ቢያያቸው ጸሎት የያዙ ይመስለዋል።

እኔና እትዬ ብሩክታዊት ቀድሞ የምንኖረው እዚያው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በስተግራችን ጡረታ የወጡት ሾፌር ጋሽ ያፌት፣ ፊት ለፊታችን ወይዘሮ ሶልያና። አንድ ዓመት ለፋሲካ እትዬ በርበሬ ስታምስ ሶልያና በሯ ላይ ቆማ አሳላት፤ አስነጠሳት።

“ከምን የተነሳ ነው?” አለ ዳኛው።

ሶልያና አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

“ወይዘሮ ሶልያና፣ ከምን የተነሳ ነው?”

“ከ... ከበርበሬ።”

“ከማን ቤት?”

ሶልያና ክፉ ሴት አይደለችም። ብትዋሽ ለውሸቱም ድርሻ አለው። በሳምንቱ ወደ ዘጠነኛ ፎቅ ወጣን። ዕቃችንን ስናወጣ በሯን ገርበብ አድርጋ “በርበሬሽ ግን እንዴት ያለ በርበሬ ነበር!” አለች።

“ከተፈጨ በኋላ ትንሽ ላቅምስሽ?” አለቻት እትዬ።

“ኧረ ተይኝ! ደግሞ ካስነጠሰኝ አሥራ አራተኛ ነው የምትገቢው።”

ሁለቱም ሳቁ። እትዬ እስከ ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ ጉልበቷን ይዛ እየሳቀች ወጣች። ያኔ ጉልበቷ ገና መጥፎ አልነበረም።

*

ጋሽ ያፌት ሲነግሩኝ እንዲህ ነበር ያሉት።

“መጀመሪያ የሰማሁት ጀሪካኑን ነው፤ ሲንከባለል። በሬን ስከፍት ተቀምጣለች። አረፍ ያለች ነው የምትመስለው። ‘ያፌት፣ በርህን ዝጋ’ አለችኝ።”

“እሷ?”

“እሷ ናት እንጂ! ‘ዝጋ፣ ደህና ነኝ፣ ትንሽ አርፌ እነሳለሁ’ አለች። ከጆሮዋ ደም ይወርዳል። ያ ዳኛ ደግሞ ከላይ ‘የሕክምና ቡድን ተጠርቷል፤ እባክዎ ርቀትዎን ይጠብቁ’ ይላል። የሶልያና በር ትንሽ ተከፈተና ተዘጋ። ወዲያው ራዲዮዋ ጮኸ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ ኢዮስያስ። አንገቷ ሲዝል አየሁት። ጭንቅላቷን እዚያ ሲሚንቶ ላይ ልታሳርፍ ነው። ጋቢዬን አጥፌ ከሥሯ አደረግሁላት። ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላደረግሁም።”

“ምን አለችዎ?”

“‘አንተ ጅል ሽማግሌ’ አለችኛ! የሳቀችም መሰለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።”

ዳኛው በዚያው ከሰዓት ፈረደ። በዚያ ጠዋት ውሃ ይዞ የወጣ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ድርሻ ደረሰው። በራቸውን የዘጉት ምንም አልደረሳቸውም፤ በር መዝጋት ሰው አይጎዳም። ትልቁ ድርሻ የጋሽ ያፌት ሆነ። ነክተዋታል፤ ጭንቅላቷን አንቀሳቅሰዋል፤ የሞተችው ከዚያ በኋላ ነው። ቀብሩ እንዳለፈ ወደ አሥራ አራተኛ ፎቅ እንዲወጡ ተወሰነ። እኔ የሟች ወገን ነኝና ምድር ቤት ደረሰኝ፤ ከቦኖው አጠገብ ያለው፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚመኘው ቤት።

ጋሽ ያፌት ደረታቸው ውስጥ ለልባቸው የተገጠመች ነገር አለች። ሲደክሙ ወይም ሲደነግጡ እንደ ጫጩት ትጮኻለች። ከአንዱ መታጠፊያ ወደ ሌላው ሲወጡ እንኳ ድምፅዋ ከሁለት ፎቅ ላይ ይሰማል። አሥራ አራተኛ ፎቅ ማለት ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ብሎኩ በሙሉ ያውቃል።

የእድሩ ሰዎች ግቢው ውስጥ ድንኳን ተከሉ፤ አግዳሚውን ደረደሩ፤ ንፍሮውን አስቀመጡና “እግዜር ያጥናህ” እንኳ ሳይሉኝ ሄዱ። ገባኝ። እነሱም ውሃ ቀድተዋል። ድርሻ ያለው ሰው መዝገቡ እስኪዘጋ ወደ ሟች ድንኳን አይቀርብም፤ ሲዘጋም ድርሻው ስሙ ላይ ይቀራልና ያው ነው። ድርሻ የሌለውም አይመጣም፤ ድምሩ ገና አልሞላም። “ያለቀሰ ሰው የሚያለቅስበት ነገር አለው” ይላል ዳኛው፣ ከዚያም ምን እንደሆነ ይጠይቃል።

ባዶ አግዳሚዎች ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ነፋስ ሸራውን ያርገበግበዋል። በየፎቁ መስኮት ሰዎች አሉ፤ ቀና ስል መጋረጃው ይወርዳል።

እትዬ ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሕጉ ሳይመጣ በፊት በሰፈሩ የተተከለ ድንኳን ሁሉ እሷ ገብታ ካላለቀሰችበት ድንኳን አይባልም ነበር። የማታውቀውን ሰው ስም ከበር ላይ ጠይቃ ትገባና፣ ስትወጣ የሟች እናት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ትሸኛታለች። ለእሷ ግን አንድ ሰው አጣሁ። አስከሬኗ ከማቀዝቀዣ ሲመጣ የሚሸከማት አራት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ እኔ ነኝ። ሦስቱን ስቆጥር ከግድግዳው በቀር የሚታየኝ አልነበረም።

ንፍሮውን ሸፍኜ ወደ ስድስተኛ ፎቅ ወጣሁ።

*

ጋሽ ያፌት በራቸውን ከፍተው፣ እንደ ሥርዓቱ ወደ ኋላ ራቅ ብለው መዳፋቸውን አሳዩኝ። ከጀርባቸው ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል።

“አሥራ አራተኛ ፎቅ ነፋሱ ጥሩ ነው ይላሉ” አሉ።

“በምን ሊወጡ ነው፣ ጋሼ?”

“በእግዜር።” ደረታቸው ሁለት ጊዜ ጮኸች። መታ መታ አደረጓት። “ዝም በይ አንቺ። ... መውጣቱን እወጣዋለሁ፤ አንድ ቀን ይፈጅብኝ ይሆናል። መውረዱን ነው። አንዴ ከወጣሁ የምወርደው በሳጥን ነው።”

“ድንኳኑ ባዶ ነው።”

“በመስኮት አየሁት።” ዓይናቸውን ወደ ፍራሹ መለሱ። “ያቺ ሴትዮ ስንቱን አስለቅሳ! እኔ እንኳ ልመጣ አልችል። ጋቢ ያነጠፍኩላት እኔ እንኳ።”

እዚያው መታጠፊያው ላይ፣ እሷ የወደቀችበት ቦታ ላይ ቆምኩና ወደ ጣሪያው ጥግ ቀና አልኩ። ምን እንደምል በደረጃው ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር የመጣሁት። ሲሆን ግን አጭር ሆነ።

“ድርሻ መረከብ እፈልጋለሁ።”

“የማንን?” አለ ዳኛው።

“የሁሉንም።”

“ሙሉውን?”

“ሙሉውን።”

“ወራሽ ድርሻ መረከብ ይችላል። ተረክበዋል። የሌሎች ነዋሪዎች ስም ነጻ ሆኗል፤ መዝገቡ ተዘግቷል።”

“ምን እንዳጠፋሁ አትጠይቀኝም?”

“መዝገቡ የሚያስፈልገው ባለቤት ነው፤ ምክንያት አይደለም። አሥራ አራተኛ ፎቅ ተመድበዋል። ዛሬውኑ ይውጡ። ከሟች ወገን ርቀትዎን ይጠብቁ።”

ይህን አላሰብኩትም ነበር።

“የሟች ወገን እኮ እኔ ነኝ” አልኩ።

“አሁን አይደሉም።”

“ታዲያ ማን ነው የሟች ወገን? ከእኔ ሌላ ማንም የላትም።”

“በመጨረሻ አብሯት የነበረ ሰው” አለ ዳኛው። “አቶ ያፌት።”

ጋሽ ያፌት የበሩን መቃን በመዳፋቸው መቱት። “ማን ጠየቀህ? አንተ! ማን ጠየቀህ እኮ ነው የምልህ? ዕቃዬን አስሬ ጨርሻለሁ!”

“ይፍቱታ፣ ጋሼ” አልኳቸው።

ደረታቸው ይጮኽ ነበር። ጩኸቱ እስከ ስምንተኛ ፎቅ ድረስ ተከተለኝ።

*

ፍራሼን ተሸክሜ ወደ ላይ ስወጣ ብሎኩ ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ መዝገቡ ከተዘጋ ዳኛው ለምን አለቀሳችሁ ብሎ አይጠይቅም። ጥቁር ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። በየመታጠፊያው ግድግዳ ተደግፈው መዳፋቸውን እያሳዩ አሳለፉኝ። አብዛኞቹ መሬት መሬት አዩ። አንዲት ወጣት የልጇን ፊት ወደ ቀሚሷ አዞረች። ነፍሰ ገዳይ ሲያልፍ እንዲህ ነው የሚደረገው መሰለኝ። ከመዝገቡ በቀር የሚያውቁት ነገር የለም፤ መዝገቡ ደግሞ ተዘግቷል።

አሥራ አራተኛ ፎቅ ኮሪደሩ መስኮት አለው፤ መስታወቱ ከወደቀ ቆይቷል። ከዚያ ላይ ድንኳኑ እንደ ተጣጠፈ መሐረብ ያንሳል። ሰው ገብቶ ገብቶ በጎኖቹ ፈሰሰ። አግዳሚው ስላልበቃ በጀሪካን ላይ ተቀመጡ። በእኔ ወንበር ላይ ጋሽ ያፌት ተቀምጠዋል። ሰዎች ጎንበስ እያሉ “እግዜር ያጥናዎ” ይሏቸዋል፤ እሳቸው አንገታቸውን ይነቀንቁና ወደ ላይ፣ ወደ መስኮቱ ያያሉ።

ሳጥኗ ሲመጣ መጀመሪያ የጮኸችው ሶልያና ናት። መሐል ገብታ ደረቷን እየመታች አወረደችው፤

“በርበሬሽ ሲታመስ አስነጥሶኝ ነበር፣
ዛሬ አስለቀሰኝ ጭስ የሌለው አፈር።”

ግቢው አብሮ አለቀሰ። ስንት ዓመት የታሰረ ልቅሶ እንደሆነ እንጃ፤ የእትዬ ብቻ አልነበረም። ያለ ልቅሶ የቀበሯቸውን ሁሉ ያለቀሱ መሰለኝ። ጥሩ ሙሾ ነው ብዬ አሰብኩ። እትዬ ብትሰማው አንዲት ቃል ታርምላት ነበር፣ ግን ጥሩ ነው። ከዚያ እኔም አለቀስኩ።

“ድምፅዎን ይቀንሱ” አለ ዳኛው ከራሴ በላይ። “የአጥፊ ልቅሶ የሟችን ወገን ያስቀይማል።”

አፌን በእጅጌዬ ያዝኩ። አራቱ ሰዎች ሳጥኑን አነሱ፤ አራት ብቻ አልነበሩም፤ ልያዝ ልያዝ የሚለው በዝቶ ተጋፉ። ሳጥኑ ዞሮ ግቢውን ለቀቀ። ድንኳኑ ባዶ ሆነ። እኔ መስኮቱ ላይ ነበርኩ።

አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ደንግጬ ወደ ግድግዳው ሸሸሁ፤ መዳፎቼን አሳየሁ። አንዲት ሽማግሌ ሴት ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል። እማማ ሄራን ይባላሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቴ ናቸው።

“ምን ያስደነግጥሃል?” አሉ። “ከዚህ በላይ ያለው ጣሪያ ነው። የት ይወስዱኛል?”

“እንዳይነኩኝ...”

“እኔ እዚህ የመጣሁት በመንካት ነው። የሰው ልጅ እንጀራ አንቆት ጀርባውን መታሁት። ዳነ፤ ግን ጎኑ በለዘ።” ብርጭቆውን ሰጡኝ። ውሃ ነበር፤ አሥራ አራት ፎቅ በሰው ጀርባ የወጣ ውሃ። “ጠጣ። አይዞህ።”

ያቺን ቃል ከሰው አፍ ከሰማሁ ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ጠጣሁ።

“እዚህ ፎቅ ላይ ያለነው ሁሉ እንዲህ ነን” አሉ እማማ ሄራን። “አንዱ የወደቀ ያነሳ፣ አንዱ ጀሪካን ያገዘ። ጥሩ ጎረቤት አግኝተሃል።”

“አየሁ።”

“ብዙ አንቆይም እንጂ።”

ወገባቸው ከእንግዲህ ደረጃ አይችልም ነበር። ያ ውሃ ቤታቸው የቀረው የመጨረሻው እንደነበረ የሰማሁት በማግስቱ ነው።

*

ከዚያ ወዲህ ለእኔም ለእማማ ሄራንም ውሃ የማወጣው እኔ ነኝ። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡም በአሳንሰሩ ጉድጓድ እየገባ ደረጃውን የባሰ አራሰው። አንድ ከሰዓት ስድስተኛው መታጠፊያ ላይ እግሬ ሄደ። ጀሪካኑ ቀድሞ ተንከባለለ። እኔም ጀርባዬ ደረጃው ጠርዝ ላይ አርፎ ቀረሁ።

“የሕክምና ቡድን ልጥራ?” አለ ዳኛው።

መልስ መስጫ ትንፋሽ አልነበረኝም። የሶልያና በር ትንሽ ተከፈተ፤ አንድ ዓይን አየሁ፤ ተዘጋ። ራዲዮው ጮኸ። የጋሽ ያፌት በር አልተከፈተም። ግን ከበሩ ኋላ፣ በጣም ቅርብ፣ ያቺ የደረታቸው ጫጩት ስትጮኽ ይሰማኛል። ቆመዋል። መያዣው ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ትንሽ ወረደ፣ እዚያው ቆየ።

“አይክፈቱ፣ ጋሼ” አልኩ ትንፋሼ ሲመለስ። “ደህና ነኝ። ትንሽ አርፌ እነሳለሁ።”

ጆሮዬ የሰማው ግን የእትዬን ድምፅ ነው። ቃሉ የእሷ ነበር።

መያዣው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፤ እንዳሉት ነው። ብዙ ቆይቼ ተነሳሁ፤ ጀሪካኑን አንስቼ፣ እንደገና ወርጄ ቀድቼ ወጣሁ።

በዚያ ሌሊት መብራት ጠፋ። ሲነጋ መጣ። ጀሪካኔን ይዤ ስወጣ ስድስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ልክ ውሃው በሚተኛበት፣ እሷም እኔም በወደቅንበት ቦታ፣ ጋቢ ተነጥፏል። እንደ ትራስ ሳይሆን ተዘርግቶ፣ እግር ቢያርፍበት እንዳያንሸራትት ዳርና ዳሩ ከሲሚንቶው ጋር ተለጥጦ። መሐሉ ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ ቡናማ እድፍ አለ። ውሃውን ጠጥቶ ከብዷል።

“ደረጃ ላይ ባለቤት የሌለው ዕቃ አለ” አለ ዳኛው። “ሰው ሊያደናቅፍ ይችላል። የማን ነው?”

ይጮኽ የነበረው የሶልያና ራዲዮ ጠፋ።

“የማን ነው?”

ከጋሽ ያፌት በር ኋላ ጫጩቷ መጮኽ ጀመረች፤ እየፈጠነች፣ እየፈጠነች ሄደች። የበሩ መያዣ ወረደ።

ጀሪካኔን አስቀመጥኩ። ጋቢውን አነሳሁና ጨምቄ ትከሻዬ ላይ ደረብኩት። ቀዝቃዛ ነው፤ ከባድ ነው።

“የእኔ ነው” አልኩ።

“ተመዝግቧል” አለ ዳኛው።

የበሩ መያዣ ወደ ቦታው ሲመለስ ጀሪካኔን አንስቼ ወደ ላይ ቀጠልኩ። ሰባተኛ ፎቅ ስደርስ ጩኸቷ ዘግየት ዘግየት ስትል ሰማሁ፤ ስምንተኛ ላይ ቆመች። ከጋቢው ጫፍ የሚወርደው ውሃ ከኋላዬ ደረጃውን ያርሰዋል።